ብጉር ወጣብኝ ብላችሁ ከፊት ወንበር አትነሱ

ወገዳ ላይ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ፣ ዓርብ ከክፍል ስትወጡ ስንቅ ልታመጡ ወደ ቀበሌያችሁ የምትገሰግሱ፣ እሑድ ማታ ቆሎና በሶ ተሸክማችሁ የምትመለሱ ልጆች፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያና መካነ ኢየሱስ ያላችሁም ቅረቡ። ወላጆችና መምህራን ብታነቡትም ደስ ይለኛል። ዛሬ የምናወራው ስለ ብጉር ነው።

«ስንት ችግር ባለበት አገር ስለ ብጉር?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ስለ ብጉር! ብጉር አይገድልም። ነገር ግን መልሱን እያወቀ «ፊቴን ያዩኛል» ብሎ እጁን የማያወጣ ተማሪ አለ። ሰሌዳው ፊት ከመቆም ዜሮ ማግኘትን የምትመርጥ ልጅ አለች። አገጯን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና የምትውል፣ ፎቶ ሲነሱ ከሰው ጀርባ የሚሸሸግ አለ። በአሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ ተሸሽጎ መዋል ዋጋው ከባድ ነው። ደስ የሚለው ነገር ብጉር ዛሬ ሕክምና አለው። አያቶቻችሁ ያላገኙት እውቀት በእናንተ ዘመን ተገኝቷል። ከእናንተ የሚጠበቀው እውነቱን ማወቅና የጀመሩትን ሳያቋርጡ መጨረስ ነው።

ጥፋተኛ አትፈልጉ

የብጉር ነገር ሲነሳ በየቤቱ ዳኛ ሞልቷል። አንዱ «ፊትህን ስለማትታጠብ ነው» ይላል። ሌላው «ፍቅር ይዞህ ነው» ብሎ ያሾፋል። «ስታገቢ ይለቅሻል» የምትል አክስት አትጠፋም፤ የሰው ዓይን ነው የሚልም አለ። ከእነዚህ ፍርዶች አንዱም ልክ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊት፣ የደረትና የጀርባ ቆዳችን ቅባት በሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች የተሞላ ነው። ጉርምስና ሲመጣ አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች በወንዱም በሴቷም ይጨምራሉ፤ ዕጢዎቹም ቅባቱን ያበዙታል። በዚያው ሰሞን ፀጉር የሚበቅልባቸውን ቀዳዳዎች ከውስጥ የሸፈኑት ሕዋሳት ሲሞቱ እንደ ወትሮው ከመርገፍ ይልቅ እርስ በርስ ይጣበቁና ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ቅባቱ መውጫ ያጣል። በማንኛውም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የሚባል ባክቴሪያ በታፈነው ቅባት ውስጥ ይራባል። ሰውነት ይህን ሲከላከል ቦታው ያብጣል፣ ያማል፣ መግል ይቋጥራል።

በዚህ ሁሉ ሒደት ውስጥ ቆሻሻ የሚባል ነገር የለም። አፍንጫ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ እንኳ እድፍ አይደለም፤ የታመቀው ቅባትና በውስጡ ያለው የቆዳ ቀለም አየር ሲያገኘው ጠቁሮ ነው። ስለዚህ ፊታችሁን በእንዶድ ብትፈትጉት፣ በልብስ ሳሙና ብታሹት ወይም በሻካራ ጨርቅ ብትፍቁት ቆዳው ይበልጥ ይቆጣል እንጂ ብጉሩ አይለቅም። እንዶድ ለነጠላና ለጋቢ ይሁን።

ዘርም ድርሻ አለው። አባት ወይም እናት በወጣትነታቸው ብዙ ብጉር ከነበረባቸው ልጁም ላይ የመብዛት ዕድሉ ከፍ ይላል። በዘርፉ ጽሑፎች ደጋግሞ የሚጠቀሰው ግምት ደግሞ ከ12 እስከ 24 ዓመት ካሉ ወጣቶች 85 በመቶ ያህሉ በሆነ ወቅት ብጉር ይወጣባቸዋል ይላል። በዚህ ግምት ሒሳቡን ሥሩት፤ ሃምሳ ልጅ በሚማርበት ክፍል ከአርባ በላይ ማለት ነው። እናንተ የምትሸሸጉት እነሱም ከሚሸሸጉ ልጆች ነው!

ከድኝ እስከ ጄል

ሰው ከብጉር ጋር የታገለው ከጥንት ጀምሮ ነው። በእኛ አገር ሬት የቀባ፣ ማር የለቀለቀ፣ ፌጦ ወቅጦ የለጠፈ ብዙ ነው። ጠበል የሚጠመቅም፣ እንደ ዋንዛዬ ወዳለ ፍል ውኃ የሚወርድም አለ። ሮማውያንም ድኝ ባለበት ሙቅ ውኃ ይታጠቡ ነበር። በድኙ በኩል ብዙም አልተሳሳቱም፤ ድኝ ዛሬም በአንዳንድ የብጉር ቅባቶች ውስጥ ይገኛል። ፌጦ ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ ቁስሉም ሲሽር ጠቁሮ ይቀራል። ጠበሉን የምትጠመቁ ተጠመቁ፤ ሕክምናውን ደግሞ በጎን ያዙ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አውሮፓና አሜሪካ የደረሱበት መላ ከእኛው ፌጦ የባሰ ነበር። የወጣቶችን ፊት በራጅ ጨረር ይመቱት ነበር! ጨረሩ ዕጢውን ያደርቃል፣ ብጉሩም ይጠፋል። ከዓመታት በኋላ ግን ከታከሙት መካከል የቆዳና የእንቅርት ዕጢ ካንሰር የታየባቸው ተገኙ፤ ሕክምናውም ቀረ። ቶሎ ውጤት ያሳየ ሁሉ መድኃኒት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ትክክለኛው መንገድ የተከፈተው ደረጃ በደረጃ ነው። ባክቴሪያውን የሚገድለውና የተደፈነውን ቀዳዳ ለመክፈት የሚያግዘው ቤንዞይል ፐሮክሳይድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መሞከር ጀመረ። በ1950ዎቹ ቴትራሳይክሊንን የመሰሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች መጡ። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማንና ባልደረቦቹ ከቫይታሚን ኤ የተገኘው ትሬቲኖይን የተደፈነ ቀዳዳ እንደሚከፍት አሳተሙ፤ በ1971 ለሕክምና ተፈቀደ። ይኸው ክሊግማን በፊላደልፊያ እስር ቤት በእስረኞች ላይ ባካሄዳቸው ሙከራዎች እስከ ዛሬ ይወቀሳል።

ቀጥሎ ትልቁ ዜና መጣ። በ1979 ጋሪ ፔክ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ሌላ ሕክምና እምቢ ያለው ከባድ ብጉር ለነበረባቸው 14 ሕሙማን አይሶትሬቲኖይን የሚባል እንክብል ሰጡ። የ13ቱ ፊት ሙሉ በሙሉ ጠራ። መድኃኒቱ በ1982 ተፈቀደ፤ «ይህስ አይድንም» ይባል የነበረው ብጉር የሚድን ሆነ። በ1996 ደግሞ እንደ ትሬቲኖይን ሆኖ ቆዳን እምብዛም የማያስቆጣው አዳፓሊን ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የአዳፓሊን ጄል በአሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። አንድ ትውልድ በጨረር ይቃጠልበት የነበረው ችግር ለቀጣዩ በትንሽ ቱቦ ጄል የሚታከም ሆነ። ይህ ተስፋ ካልሰጣችሁ ምን ይሰጣችኋል?

በእጃችሁ ያለው ሥራ

አሁን ወደ ተግባር እንግባ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ ፊታችሁን ጠዋትና ማታ በቀስታ ታጠቡ። ለስላሳ የገላ ሳሙናና ንጹሕ ውኃ ይበቃል። ውኃ ከሩቅ በጄሪካን ለሚቀዳበት ቤትም አንድ ኩባያ ከበቂ በላይ ነው። ከሁለት ጊዜ በላይ መታጠብ ቆዳውን ከማድረቅ በቀር የሚጨምረው የለም።

ሁለተኛ፣ ቅቤውን ከግንባር አርቁ። ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ነው፤ በደንብ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1970 ፕሌዊግ፣ ፉልተንና ክሊግማን የፀጉር ቅባት አዘውትረው የሚጠቀሙ ጥቁር አሜሪካውያን ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ጥቃቅን ብጉር እንደሚበዛ ጽፈዋል። ቅባቱ ከፀጉር ወርዶ ቀዳዳውን ይደፍናል። አናት ላይ የተደረገ ለጋ ቅቤም ፀሐይ ሲያገኘው ወዴት እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። እናትህ ወይም አያትሽ በበዓል ቅቤ ሲቀቡ እጃቸውን አትግፉ፤ ቅቤው ፍቅር ነው። ይልቅ «እማዬ፣ መሀል አናቴ ላይ ብቻ አድርጊልኝ» በሏቸው። ግንባራችሁን በሻሽ ጠብቁ፣ በማግሥቱ ታጠቡት፣ ሻሹንም እጠቡት። ግንባሩ ላይ ብቻ ብጉር ለሚወጣበት ሰው ይህች ብቻዋን ለውጥ ልታመጣ ትችላለች።

ሦስተኛ፣ አታፍርጡ። በጥፍር የፈረጠ ብጉር መግሉን ወደ ውስጥም ይገፋዋል፤ ቁስሉ ይጠልቃል፣ ጠባሳም ይተዋል። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ብጉሩ ከዳነ በኋላ ጥቁር ምልክት ለወራት ይቆያል። ብዙዎቻችሁን ከብጉሩ ይልቅ የሚያናድዳችሁ ይህ ምልክት ነው። አትደንግጡ፤ ጠባሳ አይደለም፣ ጊዜ ወስዶ ይደበዝዛል። ፀሐይ ግን ያጠቁረዋል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የጉና ጎረቤት የሆናችሁ ደገኞች ብርዱ አያታላችሁ፤ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ባርኔጣ፣ ነጠላ፣ የዛፍ ጥላ፣ ከተገኘም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተጠቀሙ።

አራተኛ፣ ስንቃችሁን አትናቁ። በርበሬ ወይም ሽሮ ብጉር ያወጣል የሚባለው ማስረጃ የለውም። በአውስትራሊያ ከ15 እስከ 25 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ግን አንድ ነገር አሳይቷል። በደም ውስጥ ስኳርን በፍጥነት የሚያሻቅቡ ምግቦችን ቀንሰው ለ12 ሳምንት የቆዩት ወጣቶች ብጉራቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀንሷል። እንግዲህ የገብስ ቆሎው፣ ባቄላው፣ ምስሩና ሽሮው ከለስላሳ መጠጥና ከብስኩት ይሻላል ማለት ነው። ጓደኛችሁ ሱቅ በር ላይ ለስላሳ ሲጠጣ እናንተ ከቤት የመጣ ቆሎ ስትቆረጥሙ አትፈሩ፤ የተሻለውን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ።

አምስተኛ፣ የሰው ክሬም አትዋሱ። «አንድ ሳምንት ተቀቢው፣ ፊትሽ ወለል ይላል» ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ክሬም አለ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል ስቴሮይድ ነው። እነዚህ ሐኪም ለሌላ የቆዳ በሽታ፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ላይ ሲዘወተሩ መጀመሪያ ቁጣውን ያበርዱታል፣ ቆዳውንም ያፈኩታል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ በሴቶች ፊት ላይ ፀጉር ሊበቅል ይችላል፣ ብጉሩም ብሶ ይመለሳል። ሲያቆሙት ፊት ስለሚነድ ሰው ተመልሶ ይቀባዋል፤ እንዲህ እያለ ይታሰራል። የሚያፈካ ክሬም ይዞላችሁ የመጣ ዘመድ ካለ አመስግኑት፤ ሳትቀቡት ግን ለጤና ባለሙያ አሳዩት።

ስድስተኛ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ለብጉር ጤና ጣቢያ መሄድ አያሳፍርም። ቀለል ላለው ብጉር ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ወይም አዳፓሊን ወይም ሁለቱ አብረው ይታዘዛሉ። ቤንዞይል ፐሮክሳይድ 2.5 በመቶ የሆነው ከ10 በመቶው ባልተናነሰ ይሠራል፣ ቆዳንም የሚያስቆጣው ባነሰ ነው። ባለቀለም ጨርቅ ስለሚያነጣ ግን ለትራሳችሁና ለጋቢያችሁ ጥለት ተጠንቀቁ። አዳፓሊን ማታ፣ ፊት ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፣ የአተር ፍሬ የምታክል ተወስዶ ለመላው ፊት በስሱ ይቀባል። ብጉሩ ላይ ብቻ ጠብ ማድረግ ስህተት ነው፤ ሥራው ገና ያልወጣውን ማስቀረት ነውና።

ብጉሩ ከበዛ እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ የሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያ ይታዘዛል። የዛሬ ሐኪሞች ብቻውን አይሰጡትም፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሦስት ወይም ከአራት ወር አያስረዝሙትም፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዳይለምድ ነው። ስለዚህ ከሱቅ ገዝቶ ሁለት ፍሬ መዋጥ ራስንም ሌላውንም መጉዳት ነው። ጠባሳ እየተወ ያለ፣ ከቆዳ ሥር ጠጥሮ የሚያም ብጉር ካለ ግን ጊዜ አታባክኑ፤ ሪፈር ጠይቁ። መንገዱ ወደ ደብረ ታቦር፣ ካስፈለገም ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር ይወስዳል፤ አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታልም በቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። አይሶትሬቲኖይን የሚታዘዘው በእንዲህ ዓይነት ቦታ፣ በቆዳ ሐኪም ክትትል ብቻ ነው። ጽንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ እርጉዝ የሆነች ሴት ጨርሶ አትወስደውም፤ ልታረግዝ የምትችልም ያለ ጥብቅ ጥንቃቄ አትወስደውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በአገራችን ደጋ አካባቢ ቁንጭር የሚባል ሕመም አለ። ሽኮኮ ከሚኖርበት ገደል አካባቢ የአሸዋ ዝንብ ነክሳ የምታስተላልፈው ነው። አፍንጫ ወይም ጉንጭ ላይ የወጣ፣ ብዙም የማያም፣ ለወራት የማይድን እብጠት ወይም ቁስል ካያችሁ ብጉር ነው ብላችሁ አትተዉት። ቁንጭር ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም የተለየ ነው።

በመስቀል ጀምሩ፣ በገና እዩት

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። አዳፓሊንም ሆነ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ በሳምንት ውስጥ ተአምር አያሳይም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ይደርቃል፣ ይላላጣል፣ ብጉሩም ጥቂት የባሰ ሊመስል ይችላል። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት «አልተስማማኝም» ብለው ይጥሉታል። መድኃኒቱ ውጤት የሚያሳየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ነው። በመስቀል የጀመረ ሰው ፊቱን መመዘን ያለበት በገና ነው። ቆዳው በጣም ከተቆጣ ቀን እየዘለሉ መቀባት ይቻላል፤ መተው ግን አይደለም።

ይህን ትዕግሥት ከሩቅ አገር መማር አያስፈልጋችሁም። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔም ያለችው እዚሁ ጋይንት ነው። ከየአገሩ ወደዚያ የሚመጣ ተማሪ ድጓን በአንድ ወር እጨርሳለሁ ብሎ አይመጣም። ዛሬ የተቀበለውን ነገ ያዜማል፣ ሲስት ይታረማል፣ እንደገና ይጀምራል፤ ዓመታት ቆይቶ ያስመሰክራል። በየምሽቱ አተር የምታክል ጄል መቀባትም እንዲሁ ነው፤ የዛሬዋ ምሽት ብቻዋን ምንም አትመስልም፣ ሲጠራቀም ግን ፊት ይለውጣል።

መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት የሚጠፋበት ጊዜም አለ፤ በእኛ አካባቢ ይህን ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም፣ ታውቁታላችሁ። ያን ጊዜም እጃችሁ ባዶ አይደለም። መታጠቡን፣ ቅቤውን ከግንባር ማራቁን፣ አለማፍረጡን ማንም አይከለክላችሁም። መድኃኒቱ ሲገኝ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

ለወላጅና ለመምህር

እናንተ ታላላቆች ደግሞ በሁለት ነገር አግዙን። አንደኛ፣ በልጁ ፊት አታሹፉ። «ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የሆነው?» የምትል ጥያቄ በእንግዳ ፊት ስትነገር ለእናንተ ጨዋታ ናት፤ ልጁን ግን ሳምንቱን ሙሉ ታስጎነብሰዋለች። ሁለተኛ፣ «ዕድሜው ሲያልፍ ይተወዋል» ብላችሁ አትዘግዩ። እርግጥ ብዙውን ጊዜ ብጉር በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። የሚተወው ጠባሳ ግን ከዕድሜ ጋር አያልፍም። መምህር ሆይ፣ ከኋላ የተሸሸገችውን ልጅ በስሟ ጥራት፤ መልሱን ታውቃለች። ልጁ ከሰው ከራቀ፣ ምግብ ከዘጋ፣ መኖር ያስጠላኛል ካለ ደግሞ ጉዳዩ ከቆዳ አልፏልና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት።

እንግዲህ ተነሱ

ልጆች፣ ፊታችሁ እስኪጠራ ኑሯችሁን አታቆዩት። ሕክምናው ሦስት ወር ይፈልጋል፤ እናንተ ግን ሦስት ወር ሙሉ ከኋላ ወንበር የምትቀመጡበት ምክንያት የለም። ብጉሩ እንዳለ እጃችሁን አውጡ። ብጉሩ እንዳለ ሰሌዳው ፊት ቁሙ፣ ጥያቄውን ሥሩ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ሳቁ። ድፍረት ከጠራ ፊት በኋላ የሚመጣ ስጦታ አይደለም፤ ሲለማመዱት የሚያድግ ነገር ነው።

ዛሬ ማታ ፊታችሁን በቀስታ ታጠቡ፣ ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ሻሻችሁን እጠቡ። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን መርጣችሁ ጤና ጣቢያ ግቡና «ለብጉሬ ምን ይሻለኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብቻችሁን ከፈራችሁ እንደ እናንተ የሚሸሸግ አንድ ጓደኛ አስከትሉ፤ ሁለት ሆኖ መጠየቅ ይቀላል። መድኃኒቱን የጀመራችሁበትን ቀን ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉ፤ ከሥሩም ከ12 ሳምንት በኋላ የሚውለውን ቀን። ነገ ጠዋት መምህሩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲጠይቅ ደግሞ እጃችሁ ከሁሉም ቀድሞ ይውጣ!